ከደባርቅ የሚላክ የሞገድ ወሬ

እህቴን ረህማን የደባርቅ ገበያ «ሜትሮሎጂ» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ሲሏት ደሜ ይፈላ ነበር፤ አሁን እኔንም አንዳንዴ ያመልጠኛል። ስሙን ያወጣላት ክንዴ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሊማሊሞን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይወርዳል፣ ይወጣል። ከመውረዱ በፊት የግድ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ «ሜትሮሎጂ፣ ዛሬ ጉሙ እንዴት ነው?» ይላታል። እሷም ወጣ ብላ ፊቷን ለነፋሱ ትሰጥና፣ «እስከ አምስት ሰዓት አትነቃነቅ፤ ከዚያ ይገልጥልሃል» ትለዋለች። ይገልጣል። ወላሂ ይገልጣል። ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ጫማ ከምትሸጥ ሴት ይህን ማን ይጠብቃል?

ጉሙ ግን ለእሷ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ዋናው ሥራዋ ባሕር ነው። አዎ፣ ባሕር! ደባርቅ ላይ፣ በሐምሌም በጥርም ጥርሳችን በሚንቀጫቀጭበት ከተማ ተቀምጣ፣ የአንዲት ደሴት ሞገድ ዛሬ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በየማለዳው ለሰው ትናገራለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የተወለድነው ዳባት ነው። አባታችን የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነበር፤ እሱ ሲሞት እኔ ደባርቅ መጥቼ ይህን ሱቅ ከፈትኩ፣ ረህማ ደግሞ በሃያ ዓመቷ ዑማን ሄደች። ሦስት ዓመት ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ሠራች። ከዚያ ኡም ሳሊም የሚሏት፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ወሰደቻት። ሴትዮዋ ደሴት ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላት። የደሴቷን ስም ረህማ መቶ ጊዜ ነግራኛለች፤ መቶ ጊዜ ጠፍቶኛል። የሄደችው ለእንግዶቹ ሩዝና ዓሣ ልትሠራ ነው።

እንግዶቹ እነማን መሰሏችሁ? ሞገድ ጋላቢዎች። ጤነኛ ሰዎች ናቸው፣ ልጅና ሥራ ያላቸው፤ ረጅም ሳንቃ ታቅፈው ባሕር ይገባሉ። ሞገዱ ከኋላ ሲመጣባቸው በመሸሽ ፋንታ ሳንቃው ላይ ብድግ ብለው ይቆማሉ፤ ሞገዱ ተሸክሞ እስከ ዳር ያመጣቸዋል። ከዚያስ? ተመልሰው ይገባሉ። መጀመሪያ ስትነግረኝ «ለምን?» አልኳት። «እንዴት ለምን?» አለችኝ፤ ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከወጥ ቤቱ መስኮት ባሕሩን ስታይ ስታይ ለመደችው። ኡም ሳሊም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ሩዙ እስኪበስል አጠገቧ ቆማ ታስተምራታለች። ነፋሱ ከየብስ ሲነፍስ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከባሕር ሲነፍስ ይፈራርሳል። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ቁጠሪ፤ ስድስት ሰባት ካልሽ የቅርብ ነፋስ ያስነሳው ነው፤ አሥራ አምስት ከደረስሽ ግን ከሩቅ የመጣ ጉልበተኛ ነው፤ ማነሱ አያታልልሽ። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅኩት ወድጄ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርስ ላይ ስሰማው ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ራሷ ሳንቃው ላይ ቆማ የተቀረጸችበትን ቪዲዮ አሳየችኝ። ጥቁር ልብስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ሒጃቧ አገጯ ሥር ጠበቅ ተደርጎ ታስሯል። ሞገዱ ከኋላዋ ተነስቷል። ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ እጇን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ትጮኻለች፤ የደስታ ጩኸት ነው። «አስተግፊሩላህ! ሴት ልጅ እንዲህ ትሆናለች?» ብዬ ስልኩን ገለበጥኩባት። ለሶላት ስትነሳ ግን መልሼ ከፍቼ ሁለት ጊዜ አየሁት። እውነቱን ልናገር፤ ቀናሁባት። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ የጮኽኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከሁለት ዓመት በፊት እናታችን ታመመችና ጠራኋት። በሦስተኛው ቀን መጣች። አምስት ወር አስታመመች፤ ቀበርናት። ከአርባ ቀን በኋላ ሻንጣዋን መሸከፍ ስትጀምር፣ «የት ልትሄጂ ነው? ቤቱ አለ፣ ሱቁ አለ፣ ወንድምሽ አለሁ» አልኳት። ሻንጣውን መልሳ ፈታችው። እኔ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ ብዬ ነበር።

የታባቱ ያልቃል! ረህማ መቀመጥ አትችልም። ሱቅ ውስጥ ጫማውን ከቀኙ መደርደሪያ ወደ ግራው ታዛውራለች፤ በማግስቱ ትመልሰዋለች። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ሁለት ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል፤ አንደኛው ጎንደር ሁለት ሱቅ ያለው የተከበረ ሰው ነው። «ሲያወራ እንቅልፌ ይመጣል» ብላ መለሰችው። ባለቤቴ ሳጂዳ፣ «ተዋት እባክህ፤ ልቧ ገና አልገባም» ትለኛለች። እንዴት ነው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ልቡ የማይገባው?

ጠዋት ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ስልኳን ትከፍታለች። የባሕር ትንበያ የሚያወጡ ሦስት አራት ገጾች አሉ፤ እርስ በርስ አይስማሙም። እሷ ሁሉንም አይታ፣ የደሴቷን አመል ጨምራ፣ በዓረብኛ አጠር አድርጋ ትጽፋለች። «ሞገዱ እስከ ወገብ። ነፋሱ እስከ ረፋድ ከየብስ። ለጀማሪ መልካም።» የምትልከው ለሳሊም ነው፤ የኡም ሳሊም ልጅ ነው፣ እንግዶቹን ውሃ የሚያስገባው እሱ ነው። «ምን ይሰጡሻል?» አልኳት አንድ ቀን። «ምንም።» «ታዲያ ምን በወጣሽ?» «ጋሼ፣ ሰዎቹ ባሕር የሚገቡት እኮ እኔ ያልኩትን ይዘው ነው» አለችኝ። እንደዚያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም።

እሺ፣ ይህም ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ሰዓቱ ነው። ረህማ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የስልኳን ሰዓት ወደ እኛ አላዞረችውም፤ በደሴቷ ሰዓት እንደተሞላ ነው። ሰው ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሲጠይቃት ስልኳን ታያለች፣ በጣቷ ሰባት ትቀንሳለች (ስድስቱ የእኛ አቆጣጠር ልዩነት፣ አንዱ የባሕር ማዶ ነው)፣ ከዚያ ትመልሳለች። ሂሳቡን የተሳሳተች ቀን ጉድ ነው። ባለፈው ከወረዳ የመጣ ሰው ብርድ ልብስ በብዛት ሊወስድ ፈልጎ ሱቁ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ከመዘጋቱ በፊት ስንት ደቂቃ እንዳለው ጠየቃት፤ «ገና አንድ ሰዓት ሙሉ አለህ» አለችው። ተዝናንቶ ሻዩን ጠጥቶ ሲመጣ ዘግተን ሄደናል። ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገዝቶ ሄደ። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ጮኽኩባት። «ሰውነትሽ ደባርቅ፣ ሰዓትሽ ባሕር ማዶ! እዚህ ነሽ ወይስ እዚያ?» አልኳት። ሳጂዳ እጄን ያዘችኝ። ረህማ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ልታጥብ ወጣች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ።

በማግስቱ ሱብሂ ላይ ዉዱእ ልታደርግ፣ ለሶላት ልትታጠብ ወጣች፤ ስልኳ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። አትቆልፈውም። የእኔን ስልክ ስገዛው ሞባይል ቤት ያለው ሰውዬ ወደ እኛ ሰዓት ሲያስተካክልልኝ አይቻለሁ፤ ከከተሞቹ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሩቅ አገር ያለ ከተማ ትመርጣለህ፤ ሰዓቱ ልክ እንደ እኛ አቆጣጠር ይሆናል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እኔም አደረግኩት። ለሥራው ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ። መልሼ ስሰካው በልቤ፣ «በቃ፣ አሁን እዚህ ነሽ» አልኩ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከሶላት ተነስታ ትንበያዋን አየች፣ መልእክቷን ጽፋ ላከች፤ የስልኩን ሰዓት ልብ አላለችውም። ማን ሱብሂ ላይ ሰዓት ያያል? አዛኑ ነግሯታል። ቁርስ ላይ እንደ ልማዷ ነገረችን። «ዛሬ አደገኛ ቀን ነው። ከሩቅ የመጣ ማዕበል አለ፤ ደግነቱ ጠዋቱን መጥቶ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ለጀማሪዎቹ መልካም ይሆናል» አለች። ደሴቷ ላይ ስድስት ሴቶች ከከተማ መጥተዋል አሉ፤ መዋኘት እንኳ በቅጡ አይችሉም፤ ሳሊም ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስገባቸው ነው። «ከምሳ በኋላ አስገባቸው ብዬዋለሁ» አለች ረህማ። ሳጂዳ «አላህ ይጠብቃቸው» አለች። እኔ እንጀራዬን ጎረስኩ። ወዲያው መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ረፋዱ ላይ ሱቁ ሰው በሰው ሆኗል። ክንዴ ከሊማሊሞ ወጥቶ ሰሊጥ እንደጫነ መኪናውን አቁሞ መጣ፤ ጎንደር ሊወርድ ነው። «ሜትሮሎጂ፣ ስንት ሰዓት ነው? የእኔ ሰዓት ቆሟል» አላት። ስልኳን ከኪሷ አውጥታ፣ «አራት ከሩብ» አለች።

አለችና እዚያው ደርቃ ቀረች። ጣቷ ለመቁጠር ተነስቶ ነበር፤ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ከዚያ ነካካችው፤ ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። «ጋሼ» አለችኝ፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ «ስልኬ ሰዓቱን ቀይሯል። መቼ ነው የቀየረው?»

የያዝኩትን ብር መቁጠር ቀጠልኩ። «ታዲያ ምናለበት?» አልኳት።

«ምናለበት? ትንበያው ሰዓቱን የሚያሳየው እኮ በስልኩ ሰዓት ነው! ማዕበሉ ጠዋት አይደለም የሚመጣው!» በጣቷ ቆጠረች። «ከሰዓት በኋላ ነው። በእኛ ስምንት ሰዓት፤ እኔ የደሴቷ የጠዋት ስምንት አድርጌ አነበብኩት። ሴቶቹን አስገባ ባልኩት ሰዓት!» ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ምንም የለም። ደግማ ደወለች። ምንም።

አሁን «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። አልወጣ አለኝ። ይልቁንም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ተረጋጊ፣ መፍትሔ እንፈልጋለን» አልኳት፤ ሰው በገዛ ወንጀሉ ላይ ዳኛ ሆኖ እንደመቀመጥ ነው። እሷ ራሷን ትረግማለች። «ነክቼው ነው። በእንቅልፍ ልቤ ነክቼው ነው። ሁለት ዓመት ተሳስቼ የማላውቅ ሰው፣ ዛሬ ስድስት ሰው ልገድል!» ደንበኞቹ ያዩናል። አንዷ ሴትዮ በእጇ የያዘችውን ጫማ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

ሱቁን ለሳጂዳ ጥለን ወጣን። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሮጠን ገባን፤ መብራት አላቸው፣ ኔትወርክ የላቸውም። ባጃጅ ይዘን ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ወጣን፤ አንዳንዴ ከቆላው በኩል ኔትወርክ ብልጭ ይላል ይባላል። ረህማ ስልኩን ከራሷ በላይ ይዛ ገደሉ ጫፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። «ኧረ ልብ አርጊ! ጫፍ ላይ ነሽ!» እላታለሁ። አትሰማኝም። ታች ያለው መንገድ በጉም ተሸፍኗል፤ የጭነት መኪና ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። ብልጭ የሚል ነገር አላገኘንም። ስንመለስ አምስት ተኩል ሆኗል።

«ዳባት ኔትወርክ አለ» አለን ክንዴ። «አሁን ከዚያ የመጣ ሚኒባስ ሾፌር ነግሮኛል። ግቡ፣ በመንገዴ ላይ ነው።» ገባን። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ግን የጭነቱን ወረቀት የያዘው ሰው ምሳ ሄዷል። ሰውዬው እስኪመጣ እዚያ ጋቢና ውስጥ የተቀመጥኩት ጊዜ! ረህማ በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የእኔ ሰዓት ልክ ነው፤ ያ ነው የሚያናድደው። ሰውዬው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመጣ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ክንዴ የሚያውቀውን ያህል ነዳ። ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ግን ምን ያህል ይሮጣል? ለወትሮው አፉ አያርፍም፤ ያን ቀን እሱም ጭንቀቱ ተጋብቶበት፣ «ስድስት ሴቶች አልሽኝ? ሰውዬው ባሕሩን አያይም? ዓይን የለውም?» እያለ ይጠይቃል። «ጠዋት ሲያየው ለጥ ያለ ነው የሚሆነው፤ ያ ነው የሚያታልለው» አለች ረህማ። «ከሩቅ የመጣ ማዕበል አይነግርህም። ባሕሩ ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሦስት አራት ሞገድ በተከታታይ ይመጣል። መዋኘት የማይችል ሰው ከመጀመሪያው ቢተርፍ ከሁለተኛው አይተርፍም።» ይህን ስትል አታለቅስም፤ መስታወቱን ነው የምታየው። እኔ መሃላቸው ተጣብቄ ተቀምጫለሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ፍተሻ አስቆመን። ከፊታችን ሁለት አውቶቡስ ሰው አውርደዋል፤ እያንዳንዱ መታወቂያ ይታያል። ስድስት ከሃምሳ። ረህማ ወርዳ ከፈታሾቹ አንዱን ለመነችው፤ ባሕር፣ ደሴት፣ ሞገድ ስትለው ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «እህት፣ ተራሽን ጠብቂ» አላት። ተመልሳ ገባችና ጭንቅላቷን ከበሩ መስታወት ጋር አጋጨችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ» ትላለች።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አንቺ አይደለሽም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሱብሂ ላይ ስልክሽን አንስቼ ሰዓቱን ቀየርኩት።»

ክንዴ «ወይ ጉድ» ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ረህማ ዞር ብላ አየችኝ። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ለምን?» አለችኝ።

«ተናድጄ ነበር።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«እዚህ እንድትሆኚ ፈልጌ ነው» አልኳት። ሲወጣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው። እሷ ወደ በሩ ተጠግታ በእኔና በእሷ መካከል የመዳፍ ስፋት የሚያህል ቦታ ለቀቀች። በዚያ ጠባብ ጋቢና ውስጥ ያን ቦታ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ተራችን ደርሶ ፍተሻውን አለፍን። እኔ በልቤ ያ ረብ፣ ያ ረብ እላለሁ፤ አላየኋቸው፣ ስማቸውን አላውቅ፣ ስድስት ሴቶች በዓይኔ ላይ ይሄዳሉ። አንዷ ብትሞት ማን ገደላት? የደባርቁ የጫማ ነጋዴ ሙሐመድአወል። ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። በቂ ነው።

ዳባት መግቢያ ላይ፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲል፣ ስልኳ እጇ ውስጥ ጮኸ። አንዴ አይደለም፤ ተከታትሎ፣ ሳያቋርጥ፣ መልእክት በመልእክት ላይ። ክንዴ ፍሬኑን ያዘ። ረህማ ዘላ ወረደችና መንገድ ዳር ቆማ ማንበብ ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ወርጄ ፊቷን አያለሁ፤ ጽሑፉን አላነበውም፣ ዓረብኛዬ ከቁርአን አያልፍም።

«ምን አሉ? ረህማ! ምን አሉ?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአማርኛ አነበበችልኝ። የመጀመሪያው የሳሊም ነው፤ ጠዋት የተላከ። «ረህማ፣ ማዕበል ነው ያልሽው ባሕር ለጥ ብሏል። ልክ ነሽ?» ሁለተኛውም የሳሊም ነው። «ከእናቴ ጋር ተነጋገርን። የጻፍሽው ተገልብጧል። ሴቶቹን አሁን ወገብ እስከሚደርስ አስገብቼ አወጣኋቸው፤ ከሰዓት በኋላ ማንም ውሃ አይነካም።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮኽኩ። «አልሐምዱሊላህ! ክንዴ! ወጥተዋል!» ክንዴ ከጋቢናው ሆኖ ጥሩምባውን ነፋ። አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። መሳቅም አማረኝ። «አየሽ? ምንም አልሆነም! ምንም!» አልኳት።

ረህማ ግን አልሳቀችም። የቀሩትን መልእክቶች ነበር የምታነበው፤ የቀሩት ስለ ባሕር አልነበሩም። ደወለች። ኡም ሳሊም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ አነሳች፤ ድምፅዋ እኔ እስካለሁበት ይሰማል፤ የሚሰማኝን አልረዳውም፣ ግን ሴትዮዋ እያለቀሰች እንደነበር ለማወቅ ዓረብኛ አያስፈልግም። ረህማ «አለሁ፣ አለሁ» የሚመስል ነገር ደጋግማ አለች። ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር።

እኔስ? አሁንም ያው እኔ ነኝ። ተናደድኩ። «አሁን ምን ያስለቅስሻል? ዳኑ እኮ! ሁሉም ደህና ናቸው!» አልኳት።

«ለእነሱ አይደለም» አለችኝ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች፤ ቁጠረው። አንድ ጠዋት ብሳሳት፣ ‹ታመሽ ነው? ሰው ነካሽ? ምን ሆንሽ?› እያለች አሥራ አራት ጊዜ። ከሁለት አገር ማዶ ሆና። አንተ ከአንድ ግድግዳ ማዶ ነው የምታድረው። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ አንድ ቀን ‹ደህና ነሽ?› ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«በየማለዳው ሰላም እልሽ የለም እንዴ?»

«‹ሱቁን ከፈትሽው ወይ› ነው የምትለኝ፣ ጋሼ።»

እውነት ነው። ላስታውስ ሞከርኩ፤ እሷ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላገኘሁም። ስለ ጫማ ጠይቄያታለሁ፣ ስለ ጎንደሩ ሰውዬ ጠይቄያታለሁ፣ ሰዓት ጠይቄያታለሁ።

ክንዴ ጭነቱ ስለሚጠበቅ ተሰናብቶን ወደ ጎንደር ቀጠለ። እኛ ወደ ደባርቅ የሚመለስ ሚኒባስ ፍለጋ መናኸሪያ ሄድን። ሚኒባሱ ገና አልሞላም፤ ረዳቱ እየተጣራ ነው። ግንቡ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ረህማ ስትቀመጥ ያየኋት። ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፤ ቃሉ ትንሽ መሰለኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ይህን ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ ለደንበኛ እጠይቃለሁ፣ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«አይደለሁም» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ እኛ ዘንድ መልሱ አልሐምዱሊላህ ነው። ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባልም አላውቅም። ቶሎ ብዬ «ይሻልሻል፣ ኢንሻአላህ» ልል ነበር፤ አፌን ያዝኩት።

«መሄድ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች። «ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።»

ረዳቱ መጥቶ ከፊታችን ቆመ። «ደባርቅ፣ ደባርቅ! ሁለት ሰው ብቻ ነው የጎደለኝ፤ ተነሱ እንጂ!» አለን። ረህማ ልትነሳ እጇን አግዳሚው ላይ አሳረፈች።

«ሂዱ፣ እኛ ቆይተን እንመጣለን» አልኩት።